ጦሳ በቡሄ ሰሞን፦ ሦስተኛውን ፏፏቴ ሳናይ የተመለስንበት ጉዞ

ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከቦርከና ብዙ አይርቅም። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ሲደፈርስ አያለሁ። እኛ ጋ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ሻይ በወተት መስሎ ይመጣል። ያኔ "ደሴ ላይ ጣለው" እንባባላለን። ያ ውሃ ከየት እንደሚነሳ በእግሬ ሄጄ ያየሁት ግን ዘንድሮ፣ ቡሄ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

የሄድኩት ከልጄና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ወንድሜ የሚኖረው ደሴ ነው። የሱ ሰፈር ልጆች ተሰባስበው ሰው ይዘው ጦሳ ተራራ የሚወጡበት ሥራ ጀምረዋል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚሠሩት። ገና ሰሌዳ አልሰቀሉም፤ ደንበኛ የሚመጣላቸው በሰው በሰው ነው። ስለዚህ ስም አልጠራም። ዋጋቸው ለአንድ ሰው 700 ብር ነው፣ ለልጅ ግማሽ። በዚህ ዋጋ ሁለት አስጎብኚ፣ የጠዋት ባጃጅ፣ ምሳ፣ ዱላ፣ የዝናብ ልብስና ሲወርዱ ቡና አለበት።

ከጉዞው በኋላ እነዚህ ልጆች የኔ ደንበኞች ሆነዋል። ይህን ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው። እንዴት እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ዋዜማውን ወንድሜ ቤት አደርን። የኮምቦልቻ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ጥሩ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት በክረምት ጠዋት መውጣት የራሱ ጣጣ አለው። ጉም ይወርዳል፣ ሾፌር ይጠነቀቃል፣ ሰዓት ይሄዳል። ከፍታውም አለ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ጦሳ ደግሞ ከደሴም በላይ ነው። አንድ ሌሊት ደሴ ማደር ለትንፋሽም ለልብስ ምርጫም ይጠቅማል። እኔ ማታ ብርዱን ካየሁ በኋላ ነው ሁለተኛ ሹራብ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት።

ቀጠሯችን ከጠዋቱ 12:30 ፒያሳ ነበር። ባጃጁ የመጣው 1:10 ላይ ነው። ይህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ነው፣ ቀላልም አይደለም። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር ወዲያ ነው የሚመጣው። ጠዋት የባከነ 40 ደቂቃ ከሰዓት በዝናብ ይከፈላል። እኛም ከፍለነዋል።

እዚያው ቆመን ስንጠብቅ ግን አንድ ደስ ያለኝ ነገር አየሁ። ትልቁ አስጎብኚ ተራራው ላይ ለሚኖሩ አንድ አባት ስልክ ደወለ። "አባባ፣ እንዴት አደሩ? መንገዱ ሰላም ነው? ማታ ዘነበ እንዴ? ወንዙስ እንዴት ነው?" ይላል። ስልኩን ዘግቶ ወደኛ ዞረ። በደሴ ሰማይ ላይ አንድም ደመና የለም። እሱ ግን እንዲህ አለን፦ "ላይ ሌሊቱን ሲወርድ ነው ያደረው። ሁለቱን ፏፏቴ እናያለን። ሦስተኛውን የምናየው ውሃው ከፈቀደ ነው። ካልፈቀደ እንመለሳለን። በዚህ ያልተስማማ ካለ አሁኑኑ ብሩን ይውሰድ።" ስምንት ተጓዦች ነበርን። ሁላችንም እሺ አልን። ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ እነሱም እሺ ብለዋል።

ቀጥሎ የሁላችንንም ጫማና ልብስ አየ። የወንድሜ ጂንስ ጋ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ማታ ነግሬው ነበር፣ አልሰማኝም። ጂንስ ጥጥ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ገላን ያቀዘቅዛል። እኔና ልጄ የለበስነው የፖሊስተር ቱታ ነው። ፖሊስተር ቢረጥብም ጨምቀው ቢለብሱት ገላ ላይ ይደርቃል። አስጎብኚው ከቦርሳው ትርፍ ቱታ አውጥቶ ለወንድሜ ሰጠው። ለማያውቀው ሰው ትርፍ ሱሪ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

አወጣጡ መጀመሪያ በባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። መሬቱ ጭቃ ነው፣ በላዩ እርጥብ ቅጠል ተነጥፎበታል። እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከፊት የሚመራው ትንሹ አስጎብኚ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ይፈጥናል። ልጄ ሁለት ጊዜ "ወንድሜ፣ ቀስ በል" ብላዋለች። ትልቁ ከኋላ ሆኖ ሲጠራው ብቻ ነው የሚቆመው። ይህን በደንብ ሊያስተካክሉት ይገባል። ከፊት ያለው ሰው እርምጃውን በመጨረሻው ሰው እግር መለካት አለበት።

ከባሕር ዛፉ ስትወጡ ደሴ ከእግራችሁ ሥር ናት። ቆርቆሮው ሁሉ ጠዋት ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ማዶ አዝዋ ገደል ቆሟል። እኔ ደሴን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ለበዓል፣ ለሐኪም ቤት፣ ጣቃ ጨርቅ ለመግዛት። ከላይ ሆኜ አይቻት ግን አላውቅም ነበር። ልጄ የአጎቷን ቤት ጣሪያ ካላገኘሁ ብላ ብዙ አስቆመችን። ዳገቱ ላይ እረኞች ጅራፍ ያጮሃሉ። አንዱ ሲያጮህ ሌላው ከማዶ ይመልስለታል።

የመጀመሪያው ፏፏቴ ጋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ቀጭን ነው፣ በክረምት ብቻ የሚታይ። ፎቶ ተነስተን አለፍን።

ሁለተኛው ሌላ ነገር ነው። ሳታዩት ትሰሙታላችሁ። መታጠፊያውን ስንዞር ፊቴ ላይ ብናኝ ውሃ አረፈ፣ ዝናብ መስሎኝ ቀና አልኩ። ከጥቁሩ ድንጋይ አናት ላይ አንድ ሰው ሙሉ የሻሽ ጣቃ ይዞ የለቀቀው ይመስላል። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የወጣ ድንጋይ አለ። ውሃው እዚያ ላይ ይመታና ይበተናል፤ ከዚያ በታች ውሃ ሳይሆን ጭስ ነው የሚወርደው። ነፋስ ሲመጣ ጭሱ በሙሉ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ነፋሱ ሲያርፍ ይመለሳል። ማንም አላወራም። እኔ ለሰርግ የሚሰፋ ስስ ጨርቅ በእጄ ብዙ አልፏል። እንደዚያ የሚወርድ ጨርቅ ግን አላየሁም።

ከፏፏቴው ጥግ አንድ እረኛ ልጅ ቆሟል። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ገሳ ለብሷል። ለረጅም ጊዜ ገሳ ከቅርብ አይቼ አላውቅም ነበርና ጠጋ ብዬ "ልንካው ወንድሜ?" አልኩት። ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝ። ሣሩ ከላይ ወደ ታች ተደራርቦ ነው የታሰረው፣ ልክ እንደ ጎጆ ክዳን። ብናኙ እየተጠራቀመ በሣሩ ላይ ይንሸራተትና ጫፉ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ የለውም። መርፌ አልገባበትማ። "ማን ሠራልህ?" አልኩት። "አባቴ" አለኝ። ከዚያ እጁን ገሳው ውስጥ ከተተና ቆሎ አውጥቶ ለልጄ ዘገነላት። ቆሎው ደረቅ ነበር፤ ሲቆረጠም ይሰማል።

ያን ጊዜ ቡድኑ የሰጠኝን የዝናብ ልብስ ትከሻውን ገልብጬ አየሁት። ገና ዝናብ አልመጣም። በፏፏቴው ብናኝ ብቻ ስፌቱ ላይ ውሃ መስመር ሠርቷል። ፕላስቲኩ ራሱ ደህና ነው። ግን በመኪና ሰፍተው ትተውታል፣ ስፌቱ በቴፕ አልታሸገም። መርፌ በወጋ ቁጥር ቀዳዳ ይተዋል፣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ለትልቁ አስጎብኚ አሳየሁት። "እኛ ላብ ነው ስንል ነበር እኮ" አለኝ።

ምሳ የጾም ነበር፤ ፍልሰታ ስለሆነ ሁላችንም አንድ ላይ በላን። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ዳቦ፣ በፔርሙስ ሻይ። ድንቹ በፎጣ ተጠቅልሎ ስለመጣ ሞቃት ነበር።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጉሙ መጣ። ከታች፣ ከደሴ በኩል ነው የወጣው። ወዲያው ከፊቴ የሚሄደው ሰው ጀርባ ብቻ ቀረ። አስጎብኚው ሁላችንንም አስቁሞ ለእያንዳንዳችን ቁጥር ሰጠን። በየጥቂት እርምጃው ቁጥራችንን እንጠራለን። ልጄ ሰባት ነበረች። "ሰባት" ባለች ቁጥር ትንፋሼ ይመለሳል።

የዙህር፣ የቀትር ሶላት፣ ሰዓት ደረሰ። ስልኬ ፌስታል ውስጥ ቢሆንም እርጥበት ገብቶት ጠፍቷል። ከኛ አገር መካ ቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ግን በዚያ ጉም ውስጥ ሰሜን የት ነው? አስጎብኚው ክርስቲያን ነው። ፌስታሌን ሳገላብጥ አይቶ፣ ሳልጠይቀው ገባው። "እትዬ፣ ጦሳ ከደሴ በስተምዕራብ ነው። ዳገቱ በግራዎ፣ ቁልቁለቱ በቀኝዎ ሲሆን ፊትዎ ሰሜን ነው" አለኝ። ላስቲክ አምጥቶ ሣሩ ላይ አነጠፈልኝ። ውዱእ ያደረግሁበት ውሃ እጄን አደነዘዘው። ሰግጄ እስክጨርስ ሁሉም ራቅ ብለው ዝም አሉ። ለዚህ ብቻ ሁለት ጊዜ 700 ብር ብከፍል አይቆጨኝም።

ጉሙ ሲገለጥ ሰማዩ ሌላ ነበር። ከወዲያ ማዶ ድምፅ መጣ። የእረኛ ጅራፍ መሰለኝ። ልጄም "ቡሄ!" አለች። አስጎብኚው ግን ብልጭታውን አይቶ ኖሮ በጣቱ ይቆጥራል። 18 ላይ ነበር የነጎደው። "6 ኪሎ ሜትር" አለ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ሰከንዱን ለ3 ማካፈል ነው። ቀጣዩ 12 ላይ መጣ። እሱ አፉን ሳይከፍት ልጄ "4" አለች። ከተጋለጠው የተራራ ትከሻ ላይ ወዲያው አወረደን። ከታች ብቻውን የቆመ ትልቅ ወይራ ነበር። ሰው ሁሉ ወደሱ ሮጠ። እሱ ጮሆ መለሰን፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ መብረቅ ይጠራል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እርስ በርስ ተራርቀን ቁጢጥ አልን። ከዚያ ዶፉ ወረደ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪሞላ አላስነሳንም። ሰዓቱን እያየ ነው የጠበቀው። ትከሻዬ በሙሉ ረጠበ፣ በስፌቱ በኩል።

ሦስተኛው ፏፏቴ ከአንድ ጅረት ማዶ ነው። ጅረቱ ጋ ስንደርስ ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐይም ብቅ ብላለች። ውሃው ከጉልበት በታች ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ወጣቶች ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። አስጎብኚው ግን አላሻገረም። "እትዬ፣ ክር አለዎት?" አለኝ። መርፌና ክር ከኪሴ አይጠፋም፤ ቀይ ክር ሰጠሁት። ዱላውን ውሃው ዳር ተከለ። ክሩን ውሃው ከደረሰበት ትንሽ ከፍ አድርጎ አሰረው። "ሻይ እንጠጣ። ሻዩ እስኪያልቅ ክሩ ከላይ ከሆነ እንሻገራለን" አለ።

አንደኛው ወጣት ተቆጣ። "እዚህ እኮ ቆሟል፣ ምን እንጠብቃለን?" አለ። አስጎብኚው ድምፁን ሳያነሳ መለሰለት፦ "እዚህ ቆመ ማለት ላይ ቆመ ማለት አይደለም። ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው።" ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃ እንኳ ፈጥኖ ከወረደ ሰው እንደሚጥል ነገረው።

እኔ ዓይኔን ከክሩ ላይ አላነሳሁም። መጀመሪያ የተለወጠው ቀለሙ ነው። ጥርት ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ በአንድ ጎኑ ቡናማ ክር ገባበት። ከዚያ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ አንድ ኮንጎ ጫማ ይዞ መጣ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ከውሃው ሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲንኳኳ ይሰማል፣ በር እንደሚመታ ሰው። ክሩ ረጠበ። ክሩ ተሸፈነ። ብርጭቆዬ ውስጥ ገና ግማሽ ሻይ ነበር። ሻዩን ስጨርስ ዱላው ራሱ መወዛወዝ ጀምሯል። አስጎብኚው ነቅሎ አወጣውና "ተመለስን" አለ። ማንም አልተከራከረም። የተቆጣው ልጅ ጫማውን መልሶ አሰረ።

ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። "ቦርከና ነዋ። በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ" አለኝ። ለካ እኔ ከሱቄ ሆኜ የማየው ይህንን ነው። የወንድሜን ስልክ ተቀብዬ ኮምቦልቻ ጎረቤቴ ጋ ደወልኩ። "እህቴ፣ ቦርከና እንዴት ነው?" አልኳት። "ምን ሆነ? እዚህ ፀሐይ ነው፣ ልጆቹ ልብስ እያጠቡ ነው" አለችኝ። "ከወንዙ አስወጫቸው፣ እየመጣ ነው" አልኳት። ማታ ቤት ስገባ ደጇ ላይ ጠበቀችኝ። "መጣ" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ስንወርድ አንዲት እናት ቤት ቡና ጠጣን። ቡድኑ በየጉዞው ለቡናው ይከፍላቸዋል፤ ይህ አሠራር ደስ ብሎኛል። ልጄ ትንቀጠቀጥ ነበር። እማማ ገና በሩን ሳናልፍ "ግቡ ልጆቼ፣ ቤት የእግዜር ነው" ብለው ከግድግዳው ባና አውርደው አለበሷት። በእጅ የተፈተለ የበግ ፀጉር ነው፣ ሸካራ፣ በግ በግ የሚሸት። ከልጄ ፀጉር የወረደው ጠብታ ባናው ላይ እንደ ዶቃ ተቀምጦ ቆየ፣ አልገባም። ሁለተኛው ስኒ ሳይመጣ መንቀጥቀጧ ቆመ። በረካው እስኪጠጣ ተቀመጥን። ሲመርቁን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረን አሜን አልን።

የቀሩትን ጉድለቶች ልናገር። የሴቶች መጸዳጃ ነገር ጭራሽ አልታሰበበትም። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ ነን፤ ስንወጣም በአንድ ቤት ብንቆም ይህ ችግር አይኖርም ነበር። የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳቸው ውስጥ ያየሁት ፕላስተርና ፋሻ ብቻ ነው። ለብርድ የሚሆን አንድ ደረቅ ብርድ ልብስ መኖር አለበት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቁልቁለቱን አስቦ ይሂድ፤ ከዳገቱ ይልቅ እሱ ነው የሚከብደው። ትንሽ ልጅ ይዞ በክረምት መውጣትንም አልመክርም። ለሦስተኛው ፏፏቴ ግን የሁላችንንም ስልክ መዝግበዋል። መስከረም ላይ ውሃው ሲጠራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይወስዱናል። ልጄ ቀኑን ትቆጥራለች።

በሳምንቱ ማክሰኞ ትልቁ አስጎብኚ ሱቄ መጣ። የዝናብ ልብሶቹን በሙሉ በማዳበሪያ ይዟል፤ አሥር ናቸው። "እትዬ፣ ይሄ ነገር ይዳናል?" አለኝ። ይዳናል። ከወፍራም ላስቲክ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ እቆርጣለሁ። በቁራጩም በስፌቱም ላይ ማስቲሽ ቀብቼ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ከውስጥ በኩል አስይዤ በማንኪያ ጀርባ እጫነዋለሁ። ለአንዱ 60 ብር ተስማማን። ስጨርስ እያንዳንዱን ማንጠልጠያ ላይ እሰቅላለሁ። ልጄ ወንበር ላይ ቆማ በጆግ ውሃ ትከሻው ላይ ታፈሳለች፣ እኔ እጄን ከውስጥ አስገብቼ ስፌቱን እዳብሳለሁ። እስካሁን ስምንቱ ደርቀው ወጥተዋል።